ማንም ያልያዘው ፍጥነት

ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በአውሮፕላን ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። በመስኮት ስታዩ ውሃ ነው። ዝቅ ስትሉም ውሃ ነው። አሁንስ ጎማው ሊነካ ነው ስትሉም ውሃ ነው፣ መሬት የሚባል ነገር ብቅ የሚለው በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ማኮብኮቢያው የሚጀምረው ከባሕረ ሰላጤው ዳር ስለሆነ ውሃውን ከአስፋልቱ የሚለየው የድንጋይ ግንብ ነው። ኦክላንድና ሳን ሆዜ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ዘመድ ለመቀበል የምንመላለስበት ኤርፖርት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች እናት ሻንጣዋን እየገፋች ወጥታ «ባሕር ውስጥ ሊከቱን ነው ብዬ ጸሎቴን ጀምሬ ነበር» ስትል መስማት የተለመደ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ያን ግንብ ስለመታው አውሮፕላን ነው።

ቅዳሜ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 2013፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 29 ቀን 2005። ከሴኡል የተነሳው የኤሺያና አየር መንገድ በረራ 214፣ ቦይንግ 777፣ 291 መንገደኞችና 16 የበረራ ሠራተኞች ይዞ ሊያርፍ ሲል በጣም ዝቅ ብሎ፣ በጣምም ፍጥነቱ ወርዶ መጣ። ጎማዎቹና የኋላ አካሉ ግንቡን መቱ። ጭራው ተቆርጦ ቀረ። የተረፈው አካል አስፋልቱ ላይ ተንሸራተተ፣ ከፊል ተነስቶ ሙሉ ዙር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዞረ፣ ከዚያ ከማኮብኮቢያው ጎን ወድቆ ቆመ። 3 ልጆች ሞቱ። ከ180 በላይ ሰዎች ተጎዱ፣ 49ኙ ክፉኛ።

በጊዜው ቪዲዮውን ሁላችንም አይተነዋል። ጭሱን፣ ሰው ለማምለጥ የሚወርድበትን ተንሸራታች፣ ሻንጣ ይዘው የሚሮጡትን ሰዎች። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ንፋሱ ለስላሳ። ሞተሮቹ ደህና፣ ነዳጁ በቂ፣ አውሮፕላኑ ምንም ብልሽት የለበትም። ኮክፒት ውስጥ ደግሞ አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፣ ሦስት አብራሪዎች ተቀምጠዋል፣ ከፊት ያሉት ሁለቱ ብቻ ተደምረው ከ20 ሺህ ሰዓት በላይ የበረሩ ሰዎች ናቸው። ታዲያ በጠራራ ፀሐይ፣ ከረፋዱ 5፡28 ላይ፣ ማኮብኮቢያው ፊት ለፊት ተዘርግቶ እየታየ፣ እንዴት ሳይደርሱበት ይወርዳሉ?

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አንድ ዓመት ያህል መርምሮ ጁን 24 ቀን 2014 ያገኘውን ይፋ አድርጓል። ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ። ረጅም ነው፣ ደረቅ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ታሪክ የሰው ታሪክ ነው። ስለ ማፈር፣ ስለ ድካም፣ ስለ መተማመን። እስቲ እንደገባኝ ላውራላችሁ።

መጀመሪያ አውሮፕላን እንዴት እንደሚያርፍ። ትልልቅ ኤርፖርቶች ላይ ከመሬት የሚላክ የሬዲዮ ምልክት አለ። «ከፍ ብለሃል፣ ዝቅ ብለሃል፣ ልክ ነህ» እያለ ለአውሮፕላኑ ትክክለኛውን የመውረጃ መስመር ያሳያል። መስመሩ ወደ 3 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፣ በጣም ለስላሳ ቁልቁለት። አውሮፕላኑ ምልክቱን ይዞ ራሱ ሊወርድበት ይችላል። በዚያ ክረምት ግን 28 ግራ በሚባለው ማኮብኮቢያ ላይ ይህ ምልክት በግንባታ ምክንያት ጠፍቶ ነበር። ይህ ድብቅ ነገር አልነበረም፣ አብራሪዎቹ አስቀድመው ያውቁታል። ስለዚህ በዓይን እያዩ ነው የሚያርፉት። በዓይን ማረፍ ደግሞ በባዶ ማረፍ ማለት አይደለም። ከማኮብኮቢያው ጎን ፓፒ የሚባሉ 4 መብራቶች አሉ። ሁለቱ ነጭ ሁለቱ ቀይ ከሆኑ ልክ ናችሁ። አራቱም ነጭ ከሆኑ በጣም ከፍ ብላችኋል። አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብላችኋል። ፓፒው በዚያ ቀን ይሠራ ነበር፣ ግጭቱ ሲደርስ ነው የተበላሸው።

መሪውን የያዘው አብራሪ ጀማሪ አልነበረም። በሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ብዙ ሺህ ሰዓት በርሯል፣ ኤርባስ 320 ላይ ካፒቴን ነበር። ለ777 ግን አዲስ ነው፣ በዚህ አውሮፕላን ላይ የነበረው ከ50 ሰዓት በታች ነው፣ ገና በሥልጠና ላይ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠው አሠልጣኝ 777ን አሳምሮ ያውቃል፣ ግን በአሠልጣኝነት ሲበር ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለቱም ለየቦታቸው አዲስ ናቸው። ከኋላቸው ትርፍ ወንበር ላይ ሦስተኛው፣ በማዕረግ ከሁለቱም በታች የሆነው ረዳት አብራሪ ተቀምጧል። ሰዓቱም ይታሰብ። ሳን ፍራንሲስኮ ረፋድ ይሁን እንጂ በሴኡል ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሌሊቱን ተሻግረው በዚያ ሰዓት ነው ከባዱን ሥራ የሚሠሩት። ቦርዱም ድካምን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ አስፍሯል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። አብዛኛው ሰው አውሮፕላኑ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ ከፍ ብሎ ነበር። ከማኮብኮቢያው 5 ማይል ሲቀረው ከሚገባው በላይ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ አብራሪው ቶሎ መውረድ ፈለገ። አውሮፕላኑን ራሱ የሚያበረውን ሥርዓት፣ አውቶፓይለቱን፣ ወደ አንድ ሌላ አሠራር ቀየረው። ያ አሠራር ግን አስቀድሞ ወደ ተሞላው ከፍታ የሚሄድ ነው፣ የተሞላው ደግሞ 3,000 ጫማ ነበር፣ ማረፉ ካልተሳካ ወደዚያ እንዲወጡ ታስቦ። አውሮፕላኑ 1,600 ጫማ ገደማ ላይ ነበርና የታዘዘውን ሊያደርግ፣ ማለትም ሊወጣ ጀመረ። አብራሪው ደነገጠ። አውቶፓይለቱን አጠፋና የሞተሩን ኃይል ማዘዣ በእጁ ወደ ኋላ ስቦ ዝቅተኛው ላይ አደረገው። አውሮፕላኑ መውረድ ጀመረ። የፈለገውን ያገኘ መሰለው።

ሳያውቅ ግን ሌላ ነገር አድርጓል። በ777 ላይ ፍጥነትን ራሱ የሚጠብቅ አውቶትሮትል የሚባል ሥርዓት አለ። ፍጥነት ሲቀንስ ኃይል ይጨምራል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። አብራሪው ማዘዣውን በእጁ ሲስበው ሥርዓቱ «እሺ፣ አንተ ይዘኸዋል» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ሆልድ በሚባል ሁኔታ ውስጥ ገባ፣ ማለትም አለ ግን አይነካም። አብራሪው ደግሞ ማሽኑ ይዞታል ብሎ ያምናል። ማሽኑ ሰውየው ይዞታል ብሎ ተወ። ፍጥነቱን የያዘው ማንም የለም።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች «እሱ ነው የሚዘጋው»፣ «እሷ ናት የምትዘጋው» ተባብለው በሩን ክፍት ትተውት የሚያድሩበት ነገር ይመጣብኛል። ልዩነቱ እዚህ በሩ ውስጥ 307 ሰው አለ።

አንድ የሚያሳዝን ትንሽ ነገርም አለ። ፍላይት ዳይሬክተር የሚባለው፣ አብራሪውን በስክሪን ላይ የሚመራው መሣሪያ፣ ለሁለቱም ወንበር ለየብቻ ማብሪያና ማጥፊያ አለው። በዚያ ሰዓት የአንደኛው ብቻ ጠፋ፣ የአሠልጣኙ በርቶ ቀረ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠፍተው ቢሆን ኖሮ አውቶትሮትሉ ራሱ ከሆልድ ወጥቶ ፍጥነቱን መልሶ ይይዝ ነበር። አንዲት ማጥፊያ።

500 ጫማ ላይ ሲደርሱ አንድ የሚያሳስት ነገር ሆነ። ፍጥነቱ 137 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ነበር፣ ልክ የሚፈልጉት። መሣሪያውን በዚያች ሰከንድ ያየ ሰው «ልክ ነን» ይላል። ግን ቁጥሩ እዚያ ላይ የቆመ ቁጥር አልነበረም፣ ወደ ታች ሲሄድ በዚያ እያለፈ ያለ ቁጥር ነው። ሞተሩ ዝቅተኛው ላይ ነው። አውሮፕላኑም በደቂቃ 1,200 ጫማ ያህል እየወረደ ነው፣ ከሚገባው በጣም ይፈጥናል። የአየር መንገዱ ሕግ ግልጽ ነው። በዓይን ሲያርፉ 500 ጫማ ላይ ሁሉም ነገር ካልተስተካከለ ማረፉ ይተዋል፣ ወደ ላይ ይወጣል። አብራሪዎች ጎ-አራውንድ ይሉታል። ማረፉን ትተህ፣ ኃይል ሰጥተህ፣ ወጥተህ፣ ዞረህ እንደገና መሞከር። አልተደረገም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። አውሮፕላን ፍጥነት ሲያጣ ክንፉ የሚሸከመው ይቀንሳል። እየወደቀ መሆኑን ያየ አብራሪ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል። አፍንጫው ሲነሳ የአየሩ ግፊያ ይጨምርና ፍጥነቱ የበለጠ ይወርዳል። ማዳን የሚችለው የሞተር ኃይል ብቻ ነው፣ ትልቅ የጄት ሞተር ደግሞ ከዝቅተኛው ተነስቶ ሙሉ ኃይል እስኪሰጥ ሰከንዶች ይፈልጋል። የሌላቸው ነገር ሰከንድ ነው። 200 ጫማ ገደማ ላይ፣ ሊጋጩ 11 ሰከንድ ያህል ሲቀራቸው፣ አራቱም መብራት ቀይ ነበር። አሠልጣኙ ዝቅ ማለታቸውን ተናገረ። መሪውን የያዘውም «አዎ» አለ። ወደ 7 ሰከንድ ሲቀር «ፍጥነት» ተባለ፣ ኃይል ተጨመረ። 4 ሰከንድ ሲቀር መሪው ራሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አውሮፕላኑ ልወድቅ ነው ሲል የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ጎ-አራውንድ የሚለው ቃል የወጣው ሊጋጩ ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ነው። ፍጥነቱ 103 ኖት ድረስ ወርዶ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብዙ ሰው በወቅቱ አንድ ነገር ይል ነበር። «የኮሪያ ባህል ነው፣ ታናሽ ታላቁን አይናገርም።» እኔ ይህን በዚህ መልኩ መቀበል አልወድም። አንደኛ፣ ከኋላ የተቀመጠው ረዳት አብራሪ ተናግሯል። አውሮፕላኑ ቶሎ እየወረደ ነው ሲል ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ሁለተኛ፣ ቦርዱ በዋና ምክንያትነት ያስቀመጠው ባህልን አይደለም። የመውረዱን አመራር፣ ሳይታወቅ የጠፋውን የፍጥነት ጥበቃ፣ ፍጥነትን አለመከታተልን፣ ጎ-አራውንድ መዘግየቱን ነው ያስቀመጠው። አገር ጠርቶ ማለፍ ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ችግሩ የእነሱ ይሆንና እኛ እፎይ ብለን እንተኛለን።

ግን ሪፖርቱ ውስጥ አንድ ቦታ አለ፣ ሳነበው ልቤን የነካው። መርማሪዎቹ መሪውን የያዘውን አብራሪ ይጠይቁታል፤ በዓይን ብቻ ማረፉ አሳስቦህ ነበር ወይ? በጣም አሳስቦት እንደነበር ይነግራቸዋል። ያን ያህል ከባድ አውሮፕላን ያለ ምልክቱ ማሳረፍ እንደሚያስጨንቀው ይነግራቸዋል። ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ሌሎቹ አብራሪዎች ሁሉ እያደረጉት ስለሆነ አልችልም ማለት አልቻልኩም ነው መልሱ።

ይህ የኮሪያ ነው? እኔ እዚህ ውስጥ አጎቴን አየሁት፣ አለቃዬን አየሁት፣ ግማሽ የሰፈሬን ሰው አየሁት። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። «ሁሉም ሲችል እኔ አልችልም ብል ምን ይሉኛል?» መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሀይዌይ ላይ መንዳት እንደሚፈራ ለጓደኞቹ አይነግርም። አዲስ የገባ ነርስ መድኃኒቱን ከዚህ በፊት ሰጥቶ እንደማያውቅ ለመናገር ያመነታል። የቤት ብድር ሲፈርም ያልገባውን ገጽ «ገብቶኛል» ብሎ የሚያልፍ ስንት አለ። እያንዳንዱ በየቦታው ትንሽ ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን ትንሽ አይደለም።

አሠልጣኙስ? አስቡት። የመጀመሪያ ቀኑ ነው በአሠልጣኝነት። ከጎኑ ያለውን ሰው ገና ከመጀመሪያው «ተው፣ ልያዝልህ» ቢለው ሊያስቀይመው ነው። ትንሽ ልተወው፣ ራሱ ያስተካክለዋል። የሚያሠለጥን ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ መቼ እጅ እንደሚያስገባ መወሰን ከባድ ነው። መሪውን የያዘው ደግሞ በሌላ በኩል ጎ-አራውንድ የማለት ሥልጣኑ የአሠልጣኙ ነው ብሎ ያስባል፣ ይህንንም ለመርማሪዎቹ ተናግሯል። እንደ ፍጥነቱ ሁሉ ውሳኔውንም አንዱ ለሌላው ትቶታል።

እኔ አንድ የማምንበት ነገር አለ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ ባይረሳ ደስ ይለኛል። ጎ-አራውንድ ውድቀት አይደለም። ሥራው ነው። የተሠለጠኑበት፣ የተከፈለበት፣ ነዳጅ የተያዘለት ነገር ነው። ግን ማን ነው እንደ ውድቀት እንዲታይ የሚያደርገው? በከፊል እኛ ነን፣ መንገደኞቹ።

በአንድ በረራ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ልናርፍ ነው፣ ቤቶቹ ይታያሉ፣ መኪኖቹ ይታያሉ፣ ድንገት ሞተሩ አጓራና አፍንጫው ወደ ላይ ተነሳ። ሰው ጮኸ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት «እመቤቴ ድረሽ» አሉ። ከፊት የነበረው ሰውዬ ግን ተናደደ። «ምን ዓይነት ነጂ ነው ይሄ፣ ማረፍ እንኳ አይችልም?» አለ ጮክ ብሎ፣ ዙሪያው ያሉትም ሳቁ፣ ነቀነቁ፣ ተስማሙ። ከኮክፒት ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልመጣም። ዞረን ስናርፍ ያ ሰውዬ አሁንም አብራሪውን እየሰደበ ነበር። ወንድሜ፣ ያ አብራሪ እኮ ነው ትክክለኛውን ያደረገው። አንድ ነገር አላማረውም፣ ፍጥነት ይሁን፣ ንፋስ ይሁን፣ ማኮብኮቢያው ላይ የቀረ ሌላ አውሮፕላን ይሁን፣ ይቅርብን ብሎ ወጣ። ኤሺያና 214 ላይ የጎደለው ያ ነው።

ስለ ልጆቹ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሦስቱም ቻይናውያን ሴት ልጆች ነበሩ፣ ሁለቱ 16 ዓመታቸው፣ አንዷ 15። ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ለክረምት ካምፕ ወደ ካሊፎርኒያ እየመጡ ነበር። ጭራው ሲቆረጥ ሁለቱ ተወርውረው ወጡ። ሁለቱም ቀበቶ አላሰሩም ነበር። ከሁለቱ አንዷን፣ መሬት ላይ ወድቃ በእሳት ማጥፊያ አረፋ ተሸፍና ሳለች የእሳት አደጋ መኪና ሄደባት። ይህን ስጽፍ እንኳ ይከብደኛል። ሦስተኛዋ ቀበቶ አስራ ነበር፣ ተገንጥሎ የመጣ በር ሳይመታት አልቀረም፣ ሆስፒታል ውስጥ ጁላይ 12 ቀን አረፈች። በዚያው ቀን ማኮብኮቢያው ተጠግኖ ለበረራ ተከፈተ።

በዚያው ጭራ አጠገብ የነበሩ አራት አስተናጋጆችም ተወርውረው ወጥተዋል። ከወንበራቸው ጋር ታስረው። ክፉኛ ተጎዱ፣ ግን አራቱም ተረፉ። ቀበቶ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሰው ያተርፋል ብዬ አላስብም ነበር። እኛ ሐበሾች ደግሞ በዚህ ነገር ላይ ችግር አለብን፣ እውነቱን እንነጋገር። ጎማው መሬት ሳይነካ የቀበቶ ቀጭ ቀጭ ድምፅ ይጀምራል። አውሮፕላኑ ገና እየሮጠ አንዱ ተነስቶ ሻንጣ ያወርዳል። አስተናጋጇ «እባካችሁ ተቀመጡ» ስትል ይስቁባታል። እባካችሁ አትሳቁባት።

አስተናጋጆቹን ካነሳሁ አይቀር። አውሮፕላኑ እንደቆመ ከኮክፒት የመጣው የመጀመሪያ ትእዛዝ አታስወጡ የሚል ነበር። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል አለፈ። ከዚያ ከቀኝ ሞተሩ በኩል እሳት ታየ፣ ሞተሩ ተገንጥሎ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ ቆሞ ዘይቱ እየተቃጠለ ነበር። ያኔ በሮቹ ተከፈቱ። ሁለት ተንሸራታቾች ወደ ውጭ መነፋት ሲገባቸው ወደ ውስጥ ተነፉና አስተናጋጆችን ግድግዳ ላይ አጣበቋቸው። በዚህ ሁሉ መካከል ሕፃናት ተሸክመው፣ የማያውቁትን ቋንቋ ለሚናገር ሰው በእጅ እያሳዩ ሰው አወጡ። 307 ሰው ውስጥ 304ቱ ተርፈዋል። ቪዲዮው ላይ ሻንጣ ይዘው የሚሮጡትን ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው። የፓስፖርት ጉዳይ ይገባኛል፣ ስደተኛ ሆኖ ወረቀቱን ጥሎ መውጣት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፓስፖርቱን ሲያርፉ ኪስ ውስጥ መክተት ነው፣ ሻንጣውን መተው።

ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የሰው የሚለው ክርክር ዛሬም አለ። ኤሺያና የአብራሪዎቹን ድርሻ ሳይክድ የአውቶትሮትሉ አሠራር አሳሳች ነው አለ፣ ቦይንግ ደግሞ አውሮፕላኑ እንደተሠራው ሠርቷል አለ። ለእኔ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በአብዛኛው ሁኔታ 777 ፍጥነቱ አደገኛ ደረጃ ላይ ሲወርድ ራሱ ነቅቶ ኃይል ይጨምራል። በሆልድ ላይ ሲሆን ብቻ አይነቃም። ማሽን ሁልጊዜ የሚያድንህ ከሆነ ትተማመንበታለህ፤ የማያድንህን አንዱን ቦታ ደግሞ በደንብ ካልተነገረህ በምን ታውቀዋለህ? ቦርዱም የሥርዓቱ ውስብስብነትና በቦይንግ መመሪያና በኤሺያና ሥልጠና ላይ በሚገባ አለመገለጹ አስተዋጽኦ አድርጓል ብሏል። ይህ ብቻውን የቆመ ነገርም አይደለም። ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2009፣ የቱርክ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አምስተርዳም ሊያርፍ ሲል ማኮብኮቢያው ሳይደርስ እርሻ ላይ ወድቆ 9 ሰዎች ሞተዋል። የከፍታ መለኪያው ተበላሽቶ አውሮፕላኑ መሬት የደረሰ መሰለው፣ አውቶትሮትሉ ኃይሉን ቀነሰው፣ ፍጥነቱ ወረደ። እዚያም የሥልጠና በረራ ነበር። እዚያም ኮክፒት ውስጥ ሦስት አብራሪዎች ነበሩ።

እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ወደዚሁ 28 ግራ ሲመጣ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1968 የጃፓን አየር መንገድ ዲሲ-8 በጭጋግ ውስጥ ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ አርፎ ነበር። 107 ሰው ነበረበት፣ አንድም አልሞተም፣ ውሃው ጥልቀት አልነበረውም። አውሮፕላኑ ወጥቶ ተጠግኖ እንደገና በርሯል። ጭጋግ ስለነበር ያኛው ለመረዳት ይቀለኛል። የኤሺያናው ፀሐይ ነበረው።

የመቆጣጠር ጉዳይ ላይ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። አየር መንገዶች ለረጅም ጊዜ አብራሪዎቻቸውን «ማሽኑን ተጠቀሙ፣ በእጃችሁ አትነካኩ» ብለዋል። ለዚህ ጥሩ ምክንያት አላቸው፣ ማሽን አይደክምም። ግን በእጁ የማያበር ሰው እጁ ይረሳል። ምልክቱ የጠፋ ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም፣ እጅ ያስፈልጋል። ቦርዱ ለኤሺያና ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ አብራሪዎቹ በሥልጠናም በመደበኛ በረራም ላይ በእጃቸው የሚያበሩበትን ጊዜ እንዲጨምር ነው። ለቦይንግም የመመሪያውን ጽሑፍ እንዲያስተካክል፣ አውቶትሮትሉ መቼ እንደማይነቃ በግልጽ እንዲጽፍ ጠይቋል። ኤሺያና ደግሞ 214 የሚለውን የበረራ ቁጥር ተወው።

ስለዚያ አብራሪ ሳስብ ከንዴት ይልቅ አክብሮት ይበልጥብኛል። በሰማይ ላይ «አልችልም» ማለት ያቃተው ሰው መሬት ላይ፣ በባዕድ አገር መርማሪዎች ፊት፣ ሁሉም ሰው እሱን እየወቀሰ ባለበት ሰዓት፣ ፈርቼ ነበር ብሎ ተናገረ። ማሽኑ ፍጥነቱን ይጠብቃል ብዬ አምኜ ነበር ብሎ ተናገረ። ከአውሮፕላኑ መዝጋቢ ሣጥን ፍጥነቱን፣ ከፍታውን፣ የማጥፊያዎቹን አቀማመጥ ማግኘት ይቻላል። ምን እንደፈራ ግን ሣጥኑ አይመዘግብም። እሱ «አላስታውስም» ብሎ ቢዘጋ ኖሮ ሪፖርቱ የቁጥር ሪፖርት ሆኖ ይቀር ነበር፣ በእጅ ማብረርን የሚመለከተው ምክርም በዚያ ጉልበት አይጻፍም ነበር ብዬ አስባለሁ። ዛሬ አንድ አሠልጣኝ ሲሙሌተር በሚባለው የበረራ ማስመሰያ ውስጥ ለአዲስ አብራሪ ይህን ማረፍ ሲያስተምር ያን ምስክርነት ሊያነሳ ይችላል፤ 500 ጫማ ላይ ካልተስተካከለ፣ ማን ነው ታላቅ ማን ነው ታናሽ ሳይባል፣ ያየ ሰው ይናገር፣ አውሮፕላኑም ይውጣ ማለት እንዲቻል።